እጅሽን ለስሞቹ አቆዪው

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከደሴ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ ማንነቷን የሚያሳውቀውንም አውጥቻለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የእጅ ጽሕፈትሽ ቆንጆ ነው ይሉኛል። ከሦስት ዓመት በፊት የልብ ጓደኛዬ ስታገባ የጥሪ ካርዷን ፖስታዎች በእጄ ጻፍኩላት። በደስታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የሚያገባ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ለመጪው ጥር ብቻ ሦስት ሠርግ አለብኝ። አንዷ ሙስሊም ጓደኛዬ ናት፤ ኒካሕዋ ጥር 3 ነው። ሁለተኛዋ ክርስቲያን ናት፤ ጥር 17 ትዳራለች። የጥር 24ቷን እንኳ በደንብ አላውቃትም፣ የጓደኛ ጓደኛ ናት። የጥር 17ቷ 300 ፖስታ፣ የመግቢያ ሰሌዳ፣ የጠረጴዛ ቁጥር፣ የምግብ ዝርዝርና የምስጋና ካርድ በሙሉ በእጄ እንድጽፍላት ትፈልጋለች። ስልኳ ላይ ያየችውን ዓይነት፣ ጭራው የተጠማዘዘ የፈረንጅ ጽሕፈት፣ ግን በአማርኛ። ወረቀቱንም ቀለሙንም እስካሁን የምገዛው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ደግሞ የአንዱን ሙሽራ አባት ሰይድ ማለት ሲገባኝ ሰዒድ ብዬ ጻፍኳቸውና ቅር አላቸው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። እምቢ ብል ቅያሜ ነው። እሺ ብል እጄም ደሞዜም አይችልም። ምን ላድርግ?
እጇ የዛለባት፣ ከደሴ»

እህቴ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ድካምሽ አሳዘነኝ። ስደግመው ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የአንድ ሰው ስም ላይ አንዲት ፊደል በመሳሳትሽ ዓመት ሙሉ አፍረሻል። ሥራውን በምን ዓይነት ልብ እንደያዝሽው ከዚህ በላይ የሚነግረኝ የለም። ስለዚህ ተይው አልልሽም። ቀንሺው ነው የምልሽ። የት የት እንደምትቀንሺም እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አንድ ፖስታ ላይ ስም በወግ ለመጻፍ፣ መስመር ማስመሩን ጨምሮ፣ 4 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። 300 ፖስታ 1,200 ደቂቃ ነው። 20 ሰዓት ማለት ነው። የሚበላሸውን አልቆጠርኩም። አንቺ ቀን ታስተምሪያለሽ፣ ማታ የተማሪ ደብተር ታርሚያለሽ። በየማታው 2 ሰዓት ብታገኚ፣ የአንዷ ሠርግ ፖስታ ብቻውን 10 ምሽት ይበላል። ይህን ለሙሽራዋ ቁጭ ብለሽ ንገሪያት። «ደክሞኛል» ስትዪ ሰው ስንፍና ሊመስለው ይችላል። 20 ሰዓት ስትዪ ግን ይገባዋል።

ዘንድሮ ደግሞ ጊዜው ራሱ ጠባብ ነው። በ2018 ዓቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል። ረመዳንም በጨረቃዋ መታየት የካቲት 11 ገደማ ነው። ከገና እስከ ዓቢይ ጾም ያለው 40 ቀን ብቻ ነው። ወሎ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሠርጉን እዚያችው 40 ቀን ውስጥ ያጭቃታል። ድንኳኑ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ ማተሚያ ቤቱ ሁሉ ይያዛል። አንቺም ቀድመሽ ካልተናገርሽ ትያዣለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እጅሽን ለሰው ስም አቆዪው። ሌላው ይታተም።

ለምን ብትዪኝ፣ እኛ ዘንድ ፖስታው ላይ የሚጻፈው አድራሻ አይደለም። ካርዱን የሚያደርሰው የሙሽራው ወንድም ወይም ሚዜው ነው። ቤቱን ያውቀዋል። ስሙ ባይጻፍም ካርዱ ይደርሳል። ስሙ የሚጻፈው ለክብር ነው። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት አንድ የጥሪ ወረቀት መጣ። አያቴ ማንበብ አይችሉም ነበር። ፖስታውን ተቀብለው አገላበጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጉትና «ስሜ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው። ፖስታውን ከግብር ደረሰኞቻቸው ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ውስጥ ያለውን ካርድ ያነበብኩላቸው ከዚያ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ፖስታ ስጽፍ ያ ጣቴ ይታወሰኛል።

እንግዲህ የማን ስም? የሁለቱ ወገን ወላጆች። አያቶች። ሽማግሌ ሆነው የሄዱት። የሙሽራዋ የክርስትና እናት። የቅሬው፣ የዕድሩ ማለቴ ነው፣ ዳኛ። ሚዜዎቹ። ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች። ተደምሮ 40፣ ቢበዛ 50 ስም ነው። ለእነዚህ እጅሽ ይድረሳቸው። ሙሽራዋም ልዩነቱን ታየዋለች። 300 ጊዜ ጽፎ ከዛለ እጅ ይልቅ 50 ጊዜ ብቻ ከጻፈ እጅ የሚወጣው ያምራል።

የቀረውን 250 ለማተሚያ ቤቱ ስጪው፤ ግን እጅሽ እዚያም አይጠፋም። «የሠርግ ጥሪ» የሚለውን ርእስና የሁለቱን ሙሽሮች ስም አንዴ በትልቁ ጻፊ። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ፣ በጥቁር ቀለም፣ ካርዱ ላይ ከሚወጣው መጠን እጥፍ አድርጊው። ሲያሳንሱት የእጅ መንቀጥቀጥ ይጠፋል። ስካን ሲደረግ የጥራቱ መጠን 600 ዲፒአይ ይሁን በያቸው። በስልክ ፎቶ ብቻ ከላክሽ ጠርዙ ይሻክራል። በቴሌግራም የምትልኪ ከሆነም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፣ አለዚያ ጥራቱን ይቀንሰዋል። እንዲህ ሲሆን 300ውም ካርድ ላይ ያንቺው ጽሕፈት ይወጣል፤ የጻፍሽው ግን አንዴ ነው። በቴሌግራም ለሚጋበዘው ሕዝብም ያው ምስል ያገለግላል።

ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አስወጪና ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን። እኔ የእህቴን ልጅ ስድር አንድ ማተሚያ ቤት ጥር 17ን «ጥር 7» ብሎ አተመብን። ናሙና አልጠየቅንም ነበር። አንድ ሌሊት ቁጭ ብለን በ250 ካርድ ላይ 1 ቁጥርን በእጅ ጨመርን።

አሁን ወደ ስም አጻጻፉ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ያንቺም ቁስል እዚሁ ነውና።

የስም ዝርዝር በስልክ በድምፅ በፍጹም አትቀበዪ። ጆሮ ሀንና ሐን አይለይም። አን ከዐ፣ ሰን ከሠ፣ ጸን ከፀ አይለይም። ሙሽራዋ «ኃይሉ» ስትልሽ በየትኛው ሀ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ዝርዝሩ በጽሑፍ ይምጣ፤ የጻፈውም የቤቱ ሰው ይሁን። በተለይ እኛ አገር ስሞች ላይ። ሰይድና ሰዒድ ሁለት ስም ናቸው። ዓሊ ብሎ የሚጽፍ አለ፣ አሊ ብሎ የሚጽፍ አለ። ሐሰንም ሀሰንም አለ። የወሎን እንድሪስ «ኢድሪስ ነው ትክክሉ» ብለሽ አታቅኚው። መታወቂያው ላይ እንድሪስ ከሆነ እንድሪስ ነው። የሊቅ ቤት ልጅ «ፀሐይ በዚህ ፀ ነው መጻፍ ያለበት» ቢልሽም፣ ሴትየዋ ዕድሜዋን በሙሉ ጸሐይ ብላ ከፈረመች የሷን አጻጻፍ ያዢ። ፊደሉ የሁላችንም ነው። ስሙ ግን የባለቤቱ ነው።

ማዕረጉንም ጠይቂ። ሐጂ የሆነን ሰው አቶ ማለት ባያስቀይምም ያጎድላል። ሼህ፣ ቄስ፣ መምህር፣ ሁሉም ቦታው አለው። «አቶ እገሌ ከነባለቤትዎ» የሚለው ደግሞ የተለመደ ነው፣ ስሕተት የለበትም። እኔ ግን ሚስቲቱን በስሟ መጻፍ እመርጣለሁ። እኛ ዘንድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ሁለቱም ስማቸው ከነአባታቸው፣ አንዱ ከአንዱ በታች ይጻፍ። አንድ ተጨማሪ መስመር ነው። ፖስታውን ስትቀበል ፊቷን ብታዪው ስለ መስመሩ አታጉረመርሚም።

የተጠማዘዘውን ጽሕፈት በተመለከተ ለጓደኛሽ ይህን አስረጃት። የፈረንጁ ፊደል ጭራ ቢረዝም ያው ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ግን ትርጉሙን የሚሸከመው በእግሩ ነው። በ የሚለውን ውሰጂ። ወገቡ ላይ ትንሽ ሰረዝ ብትጨምሪ ቡ ይሆናል። ያችኑ ሰረዝ እግሩ ጫፍ ብታወርጃት ቢ። እግሩ ጫፍ ላይ ቀለበት ብታደርጊ ቤ። ቀኝ እግሩ ቢረዝም ባ፣ ግራው ቢረዝም ቦ። እንግዲህ የፈረንጁን ጥምዝምዝ ከሰ እግር ላይ አምጥተሽ ብታስሪው ሰላም የምትባለው ሙሽራ ሲላም ትሆናለች። ከበደም ከቤደ። ለዓይን የሚያምር መስሎ ስሙን ያበላሻል። ፊደሉ ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክም የለውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያዋን ፊደል እንደ ፈረንጁ ማግዘፍ አያዋጣም።

ታዲያ ጌጡ ከየት ይምጣ? ከብራናው። የብራና ጸሐፊ ፊደሉን በቁም ጽሕፈት ይጽፍና ጌጡን ሐረግ በሚባለው የተጠላለፈ መስመር ላይ ያውለዋል። ሐረጉ ከገጹ ራስ ላይ ወይም ከጎን ይወርዳል፤ ፊደሉን አይነካውም። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ስሙን ቀጥ ያለ፣ ግልጽ፣ ወፍራምና ቀጭኑ የተለየ አድርገሽ ጻፊው። ከላዩ ወይም ከሥሩ አንዲት ቀጭን ሐረግ ጣዪ። በቃ። በሁለቱ ሙሽሮች ስም መካከል የድሮውን ሁለት ነጥብ መመለስም ያምራል። ቀኑን በግእዝ ቁጥር ብትጽፊው ካርዱ ላይ ሞገስ አለው፦ ጥር ፲፯ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.። ከሥሩ ግን በተለመደው ቁጥር ድገሚው፣ ሁሉም ሰው የግእዙን ቁጥር አያነብም።

ወፍራምና ቀጭኑ እንዴት ይመጣል ካልሽ፣ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ማርከር ወይም ብዕር ያዢ። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ለፖስታ ይበቃል። ጠፍጣፋው አፍ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ይሁን፤ እጅሽን አታጠማዝዢው። ወደ ታች ስትስቢ ወፍራም፣ ወደ ጎን ስትስቢ ቀጭን ራሱ ያወጣልሻል። የፊደሉን ቁመት እኔ የአፉን ስፋት አምስት እጥፍ አደርጋለሁ፣ በባለ 2ው 10 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የመቃ ብዕር ቀርጸሽ ብትሞክሪም እወድልሻለሁ፤ እጅን ያስተምራል። 50 ፖስታ በአንድ ሳምንት ሲሆን ግን ማርከሩ ይሻላል።

መስመሩን በእርሳስ ማስመርና በላጲስ ማጥፋት ከጊዜሽ ግማሹን ይበላል። ወረቀቱንም ያቆሽሻል። ብራና ጸሐፊዎች ያደረጉትን አድርጊ። እነሱ በወስፌ ጠርዝ ጠርዙን ይወጉና በደነዘ ጫፍ ቀለም የሌለው መስመር ይጭራሉ። አንቺም ከእናትሽ የስፌት ዕቃ ወስፌ አንሺ፣ ካልሆነም ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ይበቃል። አንድ ጠንካራ ካርቶን በፖስታው ልክ ቁረጪ፤ መስመሩ የሚያልፍበትን ጠርዙ ላይ ምልክት አድርጊ። በየፖስታው ላይ እሱን አስደግፈሽ በቀስታ ጫሪ። ብርሃን ከጎን ሲመጣ መስመሩ ይታይሻል። ከጻፍሽ በኋላ የሚጠፋ ነገር የለም። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ባውቀው ስንት ላጲስ ይተርፈኝ ነበር።

የካርዱ መታጠፊያም በዚሁ በደነዘ ጫፍ ቀድሞ ከተጫረ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። ወረቀት አንድ ወገኑ በቀላሉ ይጎብጣል፣ ሌላው እምቢ ይላል። በሚጎብጥበት በኩል እጠፊው።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልሽም። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው፣ ለካርድ ይሳሳል። ከ250 እስከ 300 ግራም ያለውን ጠይቂ። አንድ ኤ4 ለአራት ሲከፈል 105 በ148 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ ያወጣል፣ ቅሪት የለውም። ለ300 ካርድ 75 ሉክ ነው፤ 10 ለመጠባበቂያ ጨምሪ። የሚያብለጨልጨውን ወረቀት ግን ተጠንቀቂ። ውኃነት ያለው ቀለም እሱ ላይ አይጠጣም፣ ይንሸራተታል። ከመግዛትሽ በፊት አንድ ስም ጻፊበትና 10 ደቂቃ ቆይተሽ በጣትሽ እሺው። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጥር ማታ ብርዱ ጣት ያደርቃል። ቅዳሜና እሑድ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ጻፊ። ማታ የምትሠሪው ማስመርና ማጠፍ ይሁን።

የጥር 3ቷን ጓደኛሽን ካርድ በተመለከተ አንድ ነገር አደራ። ቢስሚላህ ወይም የቁርኣን ቃል በካርዱ ላይ ይውጣ አይውጣ ቤተሰቧን ጠይቂ። ሠርግ ካለፈ በኋላ ካርድ መሬት ይወድቃል፣ ይረገጣል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ምክንያት አይፈልገውም። ክርስቲያኑም ቤት የሥላሴ ስም ወይም የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ካርድ ሲጣል ማየት ያማል። ሁለቱም ቤት ከፈለጉት፣ የሚቀመጠው ዋና ካርድ ላይ ብቻ ይሁን። ለሶፍትና ለውኃ መጠቅለያ የቅዱስ ቃል አትጻፊ። የዓረብኛውን ጽሕፈት ራሱን ካልተማርሽው አትሞክሪው፣ ነጥብ አንዲት ብትስት ቃሉ ይለወጣል። ቁርኣን ቤት ያደገ፣ በሉህ ላይ በብዕር የጻፈ ሰው በሰፈሩ አይጠፋም። እሱ ይጻፈው፣ አንቺ አማርኛውን ያዢ።

ይህን ስጽፍልሽ አንድ ነገር ደስ ይለኛል። አንቺ ያለሽበት አገር የጽሕፈት አገር ነው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት ወንጌል የዚያ ገዳም ሀብት ነው። የወሎ ዑለማዎች ደግሞ መንዙማቸውን በዓጀም ጻፉ፤ ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ የዓረብ። እኛ ቀለም የምንለው ብዕሩ የሚነከርበትን ፈሳሽ ነው፣ በዓረብኛ ግን ቀለም ብዕሩ ራሱ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ለኒካሕም ለተክሊልም የምትጽፊ ልጅ ከሁለቱም ቤት የምትወስጂው አለሽ።

ወደ ድግሱ እንግባ። የጥር 17ቷ ሙሽራ ከጠየቀችሽ ዕቃዎች ብዙዎቹ አያስፈልጉም፣ በግልጽ ንገሪያት። የጠረጴዛ ቁጥር ለምን? የእኛ እንግዳ ከጎረቤቱና ከዘመዱ ጋር ነው የሚቀመጠው፤ ቁጥር ፈልጎ አይሄድም። የምግብ ዝርዝሩን ሁሉም ያውቀዋል። ምስጋና ደግሞ በአፍ፣ በመልሱ ቀን፣ ቤት ለቤት ነው የሚያምረው። እነዚህን ሦስቱን ሰርዢ።

የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ወሎ ሠርግ ላይ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ይቀርባል። ከሩቅ የመጣ እንግዳ፣ በተለይ ሽማግሌ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመጠየቅ ይሳቀቃል። አስተናጋጁም በግርግሩ ሊሳሳት ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ሰሌዳ በእጅሽ ጻፊላት። «የሙስሊም»፣ «የክርስቲያን»። የሚጾም ካለ ደግሞ «የጾም»። ፊደሉ ቁመቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ድንኳን ውስጥ ከሩቅ መነበብ አለበት። ወጥ ይፈናጠቃልና በላስቲክ ሸፍኚው፤ ነፋስ እንዳይጥለው ወደ ኋላ ድጋፍ አድርጊለት። ከሠርጉ ሁሉ ወረቀት ለሰው የሚጠቅመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የመግቢያውን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ጥቁር የተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ በነጭ ቀለም አንዴ ጻፊው። የሙሽሮቹን ስም የሚይዘውን ቦታ በጠመኔ አድርጊው። በሦስቱም ሠርግ ያገለግልሻል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ለጥር 17ቷ ጓደኛሽ ብቻ። ትንሽ ደብተር ስፊላት። ሽፋኑ ላይ ስማቸውን ጻፊ። በሠርጉ ቀን ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አንድ ጎበዝ ልጅ ከጎናቸው ሆኖ ምርቃታቸውን እንዳለ ይጻፈው። ወሎ ላይ ምርቃት እንዲሁ አያልቅም፤ «ውለዱ ክበዱ» ብሎ ተጀምሮ ስንት ይባላል። በማግስቱ ማን ያስታውሰዋል? በኋላ አንቺ ከዚያ ውስጥ አንዲቱን መርጠሽ በቁም ጽሕፈት በወፍራም ወረቀት ጻፊላትና ለመልሱ ስጫት። የአያቷ ቃል በእጅሽ። ይህ ካሰበችው የምስጋና ካርድ ሁሉ ይበልጥባታል።

ገንዘቡን በተመለከተ አትፈሪ። ለጓደኛ ድካምሽ ስጦታ ነው፣ ወረቀቱና ቀለሙ ግን የሠርጉ ወጪ ነው። እንደ በርበሬው፣ እንደ ቅቤው። የሚገዛውን ዝርዝር ጻፊላትና እነሱ ይግዙት። ለማታውቂያት የጥር 24ቷ ሙሽራ ደግሞ ዋጋሽን ሥራ ሳትጀምሪ ንገሪያት፣ ግማሹን ቀብድ ተቀበዪ። ከበዛባት ትተወዋለች፣ ቅያሜ የለም። ሥራው ካለቀ በኋላ ነው ዋጋ ማንሣት የሚያቀያይመው።

ጉልበቱንም ብቻሽን አትሸከሚው። ለአጨዳ ጅጌ ይጠራ የለ? ለወረቀትም ይጠራል። አንድ እሑድ ሚዜዎቹን ሰብስቢ። አንዷ ትቁረጥ፣ አንዷ ትጫር፣ አንዷ ትጠፍ። አንዷ ከዝርዝሩ ስሙን ፊደል በፊደል ታንብብልሽ፤ ስትጨርሺ መልሳ ታስተያይ። አንዷ የተጻፈውን ለየብቻ ዘርግታ ታድርቅ። አንዷ ቡናውን ታፍላ። ቡናው ከወረቀቱ ራቅ ይበል። አቦሉ ሲቀርብ ብዕርሽን አስቀምጪ፣ እጅሽን አሳርፊ፣ በረካው ድረስ ተጫወቱ። 50ው ስም በዚያ ቀን ያልቃል።

ለጥር 17ቷ ሙሽራ የምትዪያት ከጠፋሽ እንዲህ በያት፦ «ሠርግሽን ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነው። ግን 300 ፖስታ 20 ሰዓት ይወስድብኛል፣ ሦስት ሠርግ አለብኝ። ያንቺንና የሱን ወላጆች፣ ሽማግሌዎቹንና ሚዜዎቹን፣ 50 ስም በእጄ እጽፋለሁ። የካርዱን ርእስና ስማችሁን እኔው ጽፌ ለማተሚያ ቤት እሰጥልሻለሁ። የስም ዝርዝሩ እስከ ታኅሣሥ 20 በጽሑፍ ይድረሰኝ።» ልብ በይ፣ እምቢ የሚል ቃል የለበትም። የምትሰጪው ከፊት ነው የተቀመጠው። ቀኑንም ሳትጠቅሺ አትውጪ፣ አለዚያ ዝርዝሩ ጥር ላይ ነው የሚመጣልሽ።

ጋሽ ሰይድን ደግሞ እንዲሁ አትተዪያቸው። ዓመት አለፈ ብለሽ አታስቢ። አንድ ወፍራም ካርድ ውሰጂ። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ልጃቸውን ጠይቀሽ በትክክሉ፣ በጥሩ ቀለም ጻፊው። ከላዩ ሐረግ ጣዪበት። ትንሽ ቡና ያዢና ቤታቸው ሂጂ። «አባባ፣ ያኔ ስምዎን አበላሽቼ ነበር፤ ይኸው በትክክሉ ጻፍኩት» በያቸው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ከጓደኞችሽ ጅጌ በፊት ብትሄጂ ደግ ነው፤ እጅሽ ቀለል ይልሻል።